የለም ያልኩት ትምህርት ቤት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን ነቀምቴ ውስጥ ነው። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም። ግን የዚያን ቀን ጠዋት የያዘኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም።

ነቀምቴ የገባሁት ከጊዳ አያና ተፈናቅዬ ነው። ልጄን ብርቄን በጀርባዬ አዝዬ ከመምጣቴ በቀር ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ለመምህራን ልብስ እያጠብኩ ቆየሁና ባኬ ጃማ ሰፈር መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አሮጌ ፍሪጅ አስገባሁ። ሐሳቤ ትንሽ ግሮሰሪ ከፍቼ ቢራ መሸጥ ነበር። እጄ በሳሙና ተልጦ አልቋል፤ ከዚህ ሌላ መውጫ አልታየኝም።

ቢራ ለመሸጥ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅጹ ላይ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ካለ ፈቃድ አይሰጥም። ቅጹ በኦሮምኛ ነው፣ እኔም ኦሮምኛ አይቸግረኝም። «ሂንጂሩ» ብዬ ጻፍኩ። የለም ማለት ነው።

ነበር እንጂ! ከክፍሌ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ፣ ባርሲስቱ ቶለሺ ሳሎኗ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ታስተምራለች። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ታፔላ የላትም፣ ፈቃድም የላትም። ቀኑን ሙሉ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ ሲቆጥሩ ይሰማኛል። ከሃያዎቹ አንዷ የኔው ብርቄ ነበረች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቶለሺ ከጊዳ አያና ተፈናቅዬ መምጣቴን ስትሰማ በነፃ ተቀበለችልኝ። እኔ ግን ታፔላ የሌለው ቤት ትምህርት ቤት አይባልም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቦታውን የሚያዩ ሰዎች ነገ ይመጣሉ ሲሉኝ ቀልቤ ተገፈፈ። ውሸቴ ከታወቀ ፈቃዱ መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ የቶለሺም ቤት ይዘጋል። ሄጄ ነገርኳት። እሷም ደነገጠች። ትንሽ አሰብ አድርጋ ትከሻዬን ነካችኝና፣

«ሂንያዳኢን፣ አታስቢ። ዝም አስብላቸዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ሸበቶ ሰውዬ ሜትር ይዘዋል፤ አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ ፋይሉን ይዛለች። «አካም ቡልቴ?» ብለው በደህና ማደሬን ጠየቁኝ። ክፍሉን ለኩ፣ ሽንት ቤቱን አዩ። ከዚያ ኦቦ ፈይሳ ቅጹን ገለጥ አድርገው፣

«ትምህርት ቤት የለም፣ አይደል?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው። ሁለተኛ መዋሸቴ ነው።

ዝምታው የተሰማኝ ያኔ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሃያ ሕፃን አለ፤ አንዱም አያስል፣ አንዱም አይስቅ። እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ። ጊዳ አያና ተኩስ በተነሳ ቀን በቆሎ ውስጥ ተኝተን የብርቄን አፍ በመዳፌ አፍኜ ነበር። ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰዎች በአጠገባችን እየተነጋገሩ አለፉ። በኋላ እጄን ሳነሳላት እንኳ አላለቀሰችም። እስከ ማግስቱ ድምጿ ጠፋ።

ልጄ ከዚያ አጥር ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች። አሁን ያስደበቅኳት እኔው ነኝ፣ ለቢራ ብዬ። ወጣቷ ፋይሉን ዘግታለች፣ ኦቦ ፈይሳም ወደ በሩ ዞረዋል። ትንሽ ብታገስ ነገሩ አልቆ ነበር።

«ጂራ» አልኩ። «አለ፣ ኦቦ። ዋሽቼ ነው።»

ሰውዬው ከበሩ ተመለሱ። ዞረን ቶለሺ ቤት ስንገባ ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል፤ እንዳዩን ሳቃቸው አመለጣቸው። ብርቄ ጥግ ላይ ነበረች። እሷ ብቻ አፏን በሁለት መዳፏ አፍናለች። ቶለሺ ጠመኔዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየቷን አልረሳውም።

ፈቃዱን ተከለከልኩ። ኦቦ ፈይሳ «ራስሽ ባትናገሪ ኖሮ ክስ ነበር የሚጠብቅሽ» ብለው ቅጹን መለሱልኝ። የቶለሺም ቤት ተመዝግባ ፈቃድ እስክታወጣ ተዘጋ። ሁለት ወር አላናገረችኝም። ዛሬ ትልቅ ታፔላ ሰቅላለች፣ ሰላምታዋ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አልፈርድባትም።

እኔ ከወራት በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ክፍል አገኘሁ። አዲሱን ቅጽ ስሞላ ሰፈሩን በእግሬ ዞሬ፣ ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። አሁን ቢራ እሸጣለሁ።

እውነቱን በመናገሬ አልቆጭም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ የመጡ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ብርቄ እየሮጠች መጣችና፣

«እማ፣ ዝም የማለቱን ጨዋታ እኔ አሸነፍኩ! ሰውዬው ሲገቡ ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ብቻ ዝም አልኩ» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ድምጿ ከጠፋብኝ የያዝኩትን ጠርሙስ አስቀምጬ «ብርቄ!» ብዬ እጣራለሁ። «አቤት» እስክትለኝ ልቤ አይመለስም።