ለእንግዶቹ የቆየው እግር

እናቴ የቀዶ ጥገና ነርስ ናት። በየዓመቱ የደም ሥር ሐኪሞች ከውጭ እየመጡ ከእኛዎቹ ጋር ያክማሉ፣ ያስተምራሉ። በሆስፒታሉ ልማድ፣ ሕመሙ ከበድ ያለ እግር ሲገኝ ለእንግዶቹ ይቆያል።

የአባቴ ግራ እግር ደም አልደርስ ሲለው የእኛው ወጣት ሐኪም፣ "ሲስተር፣ ነገ ልሥራው፤ እችላለሁ" አላት። ያስተማሩት እነዚያው እንግዶች አይደሉም እንዴ። እሷ ግን ለባሏ ከሁሉም የበለጠውን ተመኘችና "ለእንግዶቹ ይቆይ" አለች። የእንግዶቹ አለቃም በስልክ፣ "እኔው እሠራዋለሁ፣ የሚራመድበትንም ጫማ አመጣለታለሁ" ብሎ ቃል ገባላት።

በረራቸው ተራዘመ። እግሩ ጠቆረ። ያው ወጣት ሐኪም ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው።

እንግዶቹ ሲመጡ አለቃቸው የሆነውን ማንም አልነገረውም ኖሮ፣ ሻንጣውን ከፍቶ ጫማውን ሰጣት። ምን ታድርግ፤ አመስግና ተቀበለችው። ቀኑን ሙሉም የሰው እግር ሲጠግን መቀስ ስታቀብለው ዋለች።

አባቴ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ "አንዱን ብቻ ቢይዝ ሻንጣው ይቀለው ነበር" አለ።

አሁን እሱ ቀኙን ያደርጋል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ሁለቱንም ትወለውላለች። ተዪው ብላት አትሰማኝም። ግራው ላይ ደግሞ ትቆያለች።