መብራት ያልጠፋበት ሌሊት

ለፈላና በር ሰፈር ጎረቤቶቼ፣ ለቀድሞ ተማሪዎቼና ለመላው ወዳጆቼ፦ «መጠን ይሁን መጠን ሲደመር አስር» የምትባል አንዲት የፕሮግራም መስመር ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ከቤቴ መባረሯን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ለቅሶ መድረስ አያስፈልግም።

እናንተ ሳቁ... እኔ ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ዘነቡ ስኳር አለባት። ጠዋት ጠዋት ደሟን ትለካና ሐኪሙ በጻፈላት ወረቀት ላይ አይታ የሚገባትን ኢንሱሊን ትወጋለች። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ወረቀቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁላት። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ፕሮግራም የተማርኩት በድሮው መንገድ ነው፣ እንደ ወታደር ሰልፍ በትእዛዝ። ደምር! አስቀምጥ! ቀጥል! ማሽኑም «እሺ ጌታዬ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሰብለ ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋ ሶፍትዌር ነው። የጻፍኩትን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«አባባ፣ ማዘዙን ይተዉት። ፈንክሽናል በሚባለው መንገድ ያስቡ። ይህ ቁጥር ከገባ ይህ ይወጣል፣ በቃ። ዛሬም ነገም ያው ነው። ሳጥኑ የትናንቱን ማስታወስ የለበትም።»

«የትናንቱን የማያስታውስ ሳጥንማ እኔው አለሁልሽ! ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል?»

«መጠን ይሁን መጠን ሲደመር አስር» የምትለውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።

«ስድስት ወር እኮ ያለ እንከን ሠርቷል» አልኳት።

«እሱ ነው ያልገባኝ... እስከ ዛሬ ምን እንዳዳናችሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ዘነቡ ለካችና ቁጥሩን ነገረችኝ። አስገባሁ።

«ስንት አለ?»

«ሃያ።»

«ሃያ?»

«ሃያ አልኩሽ።»

መርፌውን ሞላች። ደጅ የጫት ሻጮቹ ይጯጯሃሉ። ሆዷን ገለጥ አደረገች። መርፌው ቆዳዋን ሊነካ ሲል አንዳች ነገር ቀፈፈኝና እጇን ለቀም አደረግኩ።

«ቆይ! ትናንትም ቁጥሩ ይኸው ነበር፤ ትናንት አስር ነው ያለው!»

ሰብለ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ማሽኑን አየች፣ አምፖሉን አየች።

«አባባ... ሌሊቱን መብራት አልጠፋም እንዴ?»

አልጠፋም ነበር።

ያኔ ገባኝ። እኛ ሰፈር ሌሊት ሌሊት መብራት ይሄዳል። ማሽኑም አብሮ ይጠፋና ያለፈውን ሁሉ ይረሳል፤ ጠዋት ስከፍተው ከዜሮ ይጀምራል። ያን ሌሊት ግን ነቅቶ አደረ። የሰኞውን አስር ይዞ ቁጭ ብሎ ጠበቀን... በላዩ ላይ የማክሰኞውን አስር ደመረበት፤ እጥፍ ኢንሱሊን ደግሞ ሰው ይገድላል።

ስድስት ወር ሙሉ እየረገምኩት የኖርኩት የመብራት መጥፋት ነው፣ ለካ፣ ሚስቴን ያቆየልኝ።

አሁን ሰብለ እንዳለችው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ቁጥር ይገባል፣ መጠን ይወጣል፣ ትዝታ የለም። ያንኑ ቁጥር ሃያ ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሃያ ጊዜ አስር አለኝ። ዘነቡ ግን አጉሊ መነጽር ገዝታ ወደ ወረቀቷ ተመልሳለች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ እጇን ያዝኩ ማለቴ። አልያዝኩም። «ትናንትም ቁጥሩ ይኸው ነበር» ብላ መርፌዋን ያቆመችው ራሷ ዘነቡ ናት፤ እኔ ያልኩት «ማሽን ካንቺ ይበልጥ ያውቃል፣ ተወጊው» ነበር።