ቀፎ ውስጥ የተደበቀ ጠገራ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚነግረኝ በሁለት ቋንቋ ነበር፤ የጦጣና የጅቡን በካፊኖኖ፣ የገንዘብና የመንግሥቱን በአማርኛ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም። ቢሮውም ግብሩም የገበያው ክርክርም በአማርኛ ስለነበር ይመስለኛል፣ ስለ ብር ሊያወራ ሲል ቋንቋው በራሱ ጊዜ ይቀየራል። በካፊኖኖ ሲነግረኝ እየሳቅሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። አማርኛውን የጀመረ ዕለት ግን እግሬን ከቁርበቱ ጠርዝ ሰብስቤ ወደ እሳቱ እጠጋለሁ፤ የሚያስፈራው ተረት ሁሉ በአማርኛ ነበርና።

ቤታችን ቦንጋ ከተማ ዳር፣ እንሰቱ አልቆ ጫካው ከሚጀምርበት ነበር። አባቴ መምህር ስለሆነ እኛ የቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት እንኖራለን። አያቴ፣ እኔ አባባ የምለው፣ «ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው አያነጋግርም» ብሎ ከጓሮ ያለችውን የሣር ቤቱን አለቅም አለ። እራቴን እንደበላሁ ወደሱ እሮጣለሁ። ዝናቡ ስለማያባራ እንጨቱ ደርቆ አያውቅም፤ ጭሱ ሁለታችንንም እያስለቀሰን፣ ኩራዙ እየተንቀጠቀጠ፣ ፍሙ ሲቆሰቆስ ብቻ ደመቅ የሚለውን ፊቱን እያየሁ አዳምጠዋለሁ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም፤ የሸሹት ወታደሮች ወሬም ገና ከሰው አፍ አልጠፋም ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮው የብር ምንዛሪ ዝቅ መደረጉን ተናገረ። አባቴ ጠመኔ ባልለቀቀው ጣቱ ጠረጴዛው ላይ እያሰላ ነገሩን ሊያስረዳ ሞከረ። አባባ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ረከሰ ነው ያሉት አይደል?» አለ። «የረከሰ ነገር ታሟል። የታመመ ደግሞ ይሞታል።»

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ አባባ ያን ቃል ሲናገር መቋሚያውን ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ አይቼ ነበር።

ያን ማታ የነገረኝ ስለ አንድ የቡና ነጋዴ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የወረቀት ብር ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ ቆጥ ላይ አስቀምጦ ይኖራል። የንጉሡ መልክ ያለበት ብር ይመለስ፣ ቀኑ ካለፈ ዋጋ የለውም ተብሎ ሲታወጅ ጆንያውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጅማ ይነሣል። ጎጀብ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ወንዙ ዳር አንድ ቀን ያድራል፣ ሁለት ቀን ያድራል፣ ውሃው አይጎድልም። ተሻግሮ ባንኩ በር ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው በገበያ ቀን የዛፍ ቅጠል እየበጠሰ ለጨው ሻጮች ይሰጣቸው ነበር አለኝ አባባ፤ ሰጥቶም «መልሴስ?» እያለ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«ልጆቹ ሰው ቤት ገቡ።»

ይሄ ሰው ቤት መግባት የሚባለው ነገር ከጅብም ከጎርፍም በላይ አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ ጨው ግዢ ብላ ብር ስትሰጠኝ እጄ ውስጥ ቅጠል እንዳይሆንብኝ ጭብጥ አድርጌ እስከ ሱቁ እሮጣለሁ።

አባባ ግን ፈርቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የዓመቱን ቡና ሸጠ፣ ሁለት ጊደሮቹን ሸጠ፣ እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ በጠገራ መለወጥ ጀመረ። ጠገራ የድሮ ሰው የሚገበያይበት፣ ፀጉሯ የተጠቀለለ ወፍራም ሴትዮ መልክ የተቀረጸበት፣ ከባድ የብር ገንዘብ ነው። አሮጊቶች ከአንገታቸው ያወለቁትን፣ ከሣጥን ሥር ያወጡትን፣ አንዳንዴም የጠቆረ የብር አምባር ጭምር ከቦንጋ እስከ ደካ እየዞረ ይገዛል። «ንጉሥ ሄደ፣ ወታደር ሄደ፣ ሴትዮዋ ግን አለች» ይላል። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር መርማሪዋ እኔ ነበርኩ። ፍሙ አጠገብ ተቀምጬ የሴትዮዋ የትከሻ ጌጥ በደንብ የሚታየውን ካለቀው እለያለሁ፤ እሱ ደግሞ ድንጋይ ላይ ጣል እያደረገ ድምፁን ይሰማል። አባቴ የቡናው ገንዘብ ባንክ የገባ መስሎት ነበር። አባባ «አስቀምጬዋለሁ» ነው ያለው፤ የት ብሎ የጠየቀውም አልነበረም።

በጥር አንድ ጠዋት ወደ ማንኪራ በሚወስደው የእግር መንገድ ይዞኝ ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ከመንገዱ ወጥተን አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆምን። ላዩ ላይ በሐረግ የታሠረ የአባባ አሮጌ ቀፎ ነበር። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ጫፍ ነው፤ የሰው ቀፎ መንካት ደግሞ ከስርቆት ሁሉ የከፋ ነውር ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ካዝና አይገኝም። የአባባ ዓይን ቢደክምም እጁና እግሩ ዛፍ አልረሱም። በፍየል ቆዳ የጠቀለለውን ጠገራ ጀርባው ላይ አስሮ ወጣና ቀፎው ውስጥ ከኋላ በኩል ወተፈው። ንብ የሚስበውን ጭስ ሆን ብሎ አላጠነውም፤ ባዶውን ይቀራል ብሎ አስቧል።

ያን ዕለት ማታ ሁለተኛውን ተረት ነገረኝ፤ እሱም በአማርኛ ነበር። አንድ አባት ጠገራውን ጫካ ውስጥ ሲደብቅ ልጁ አብራው ነበረች። እንዳትናገሪ ብሎ አስምሏት ሳለ ምንጭ ስትወርድ ለጓደኛዋ ነገረቻት። አባትየው ሄዶ ቢያይ ጠገራው ሁሉ ከሰል ሆኗል። ልጅቱም እንስራዋን ተሸክማ ቤት ስትገባ እናቷ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። ብትነካት ትቀዘቅዛለች። ብታያት እሷም ከሰል ሆናለች።

«በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ» አለና አባባ ኩራዙን እፍ ብሎ አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ እናቴን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። አንድ ጠዋት ከሰል ስታነድ እጇ ጠቁሮ ሳየው ጮኼ አለቀስኩ። እሷ ግን ምን እንደነካኝ ሳይገባት እየሳቀች በዚያው በጠቆረ እጇ አፍንጫዬን ቀባችኝ። ስቃ ስታበቃ እንኳ ልቤ አልተመለሰም።

ግንቦት ላይ ንቦቹ ሳይጠሩ መጡ፤ ቀፎው ሞላ። አባባ ከታች ሆኖ ድምፃቸውን ሲሰማ እንደ ልጅ ደስ አለው። «ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ!» አለ። እንደ ማንኛውም የቦንጋ ንብ አርቢ ያሰበው ማር የሚቆረጥበትን ሰዓት ነበር፤ ሲመሽ፣ በጭስ፣ ቀስ ተብሎ የሚወጣበትን። በጠራራ ፀሐይ፣ ተቻኩሎ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሰኔ ሲገባ እናቴን ምጥ ያዛት። ብዙ የሰፈር ልጅ ያዋለደችው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አብራት አደረች፤ ሕፃኑ ግን አልመጣም። ጠዋት የጤና ጣቢያው ነርስ ቤት ድረስ መጥቶ እናቴን አይቶ አባቴን ወደ ደጅ ጠራው። «መምህር፣ ይሄ ከኛ አቅም በላይ ነው። ዛሬውኑ ጅማ ትሂድ» ሲለው ሰማሁ። የተገኘው አንድ የቡና ጭነት መኪና ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጭነቱን ትቶ ለመሄድ ጠቀም ያለ ገንዘብ ቅድሚያ ጠየቀ። ሰኔ ደግሞ የሁሉም እጅ የሚያጥርበት ወር ነው። ጎረቤት ያለውን አዋጣ፣ አልበቃም። አባባ እንዳይጠየቅ ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ጠገራ ሊገዛ ደካ ሄዷል።

አባቴ ለብድር ከቤት ቤት ሲሮጥ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከአባባ ሌላ የጠገራውን ቦታ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው። ሴቶቹ «ካልሄደች ትሞትብናለች» ሲባባሉ እሰማለሁ፤ ብናገር ደግሞ ከሰል እንደምትሆን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቃሉ እንዳያመልጠኝ የቀሚሴን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተቀመጥኩ። አባቴ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ፀሐይዋ ከእንሰቱ በላይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ አለፈችም። አልተናገርኩም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ እናቴ በስሜ ጠራችኝ። እትዬ አስካለ ገፋ አድርጋ አስገባችኝ። እናቴ እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ወደ አመድነት ተለውጧል። ያኔ በልጅ ጭንቅላቴ አንድ ነገር ታየኝ፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ እሷ ግን መቀዝቀዝ ጀምራለች። ስለዚህ ተረቱ ዋሽቷል። ሮጬ ወጥቼ አባቴ እግር ላይ ተጠመጠምኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አባቴ ቁልቁል አየኝ። «እስካሁን ረስተሽው ነው?» አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ገጀራና እሳት ይዞ እኔን አዝሎ በጫካው መንገድ ሮጠ። አባቴ የጠመኔ ሰው ነው፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ እግሩ ይንሸራተታል። ንቦቹ ገና መሃል ላይ ሳለ ተቀበሉት። በእናቴ ነጠላ ተጠቅልዬ ሲጮህ እሰማለሁ፤ አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀፎውን ማውረድ ሲያቅተው ሐረጉን በገጀራ በጠሰው። ቀፎው ወድቆ ተሰነጠቀ። ማሩና ጠገራው አብረው ጭቃው ላይ ፈሰሱ። አባቴ ዓይኑ አብጦ ሊጨፈን ደርሶ፣ በእጁ እየዳበሰ፣ ንብ የተጣበቀበትን ጠገራ የፍየሉ ቆዳ ላይ ሰበሰበ።

ሾፌሩ ጠገራውን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ። «መምህር፣ ማደያው ይሄን አይቀበለኝም» አለ። «ሸጣችሁ ጥሬ ገንዘብ አምጡልኝ።»

«መሸጫ ጊዜ የት አለ!» ብላ ጮኸችበት እትዬ አስካለ። «ሴትዮዋ እየሞተች ነው!»

ሰውየው ትንሽ አመነታና አጎንብሶ በሁለት እጁ ዘግኖ ኪሱ ከተተ፤ ደግሞ ዘገነ። አባባ ለዓመታት ይጠብቀናል ያለው ጠገራ፣ ሾፌሩ የፈለገውን ያህል የዘገነው የአንድ ቀን መንገድ ዋጋ ሆነ። አባቴ ሊከለክለው አልሞከረም፤ አፉም በንብ ንድፊያ አብጦ ነበር። እናቴን በፍራሽ አውጥተው ጫኗትና ሄዱ። እኔ ጎረቤት ቀረሁ።

እናቴ ተረፈች። ወንድሜ ግን ሞቶ ተወለደ። አባቴ ሲመለስ ለጎረቤቶች ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለውኛል» ሲል በሩ ጥግ ቆሜ ሰማሁት።

አባባ ከደካ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ በጨርቅ የቋጠረው አዲስ ጠገራ በእጁ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ቋጠሮውን መሬት ላይ አኖረና ወደ እኔ መጣ። በምን ሰዓት እንደተናገርኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለአባቴ እንዳልኩት ረስቼው ነው ልለው አልቻልኩም፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ትሆናለች ብዬ ፈርቼ እንደሆነ ነገርኩት። «ያን የከሰሉን ተረት ከማንም አልሰማሁትም» አለኝ። «አፍሽን ልይዝበት እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። ማታ ማታ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ እሳቱን ይቆሰቁሳል እንጂ ተረት ነግሮኝ አያውቅም።

አሁን እኔም ቦንጋ ውስጥ ቢሮ እሠራለሁ። ምንዛሪ ተነካ የተባለ ጊዜ ባልደረቦቼ ወርቅ ለመግዛት ሲሯሯጡ አያለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ፍርሃቱን አውቀዋለሁና። እንግዳ ቤታችን በመጣ ቁጥር እናቴ ያን ቀን እንደ ተረት አድርጋ ታወራዋለች። «ያተረፈችኝ ይቺ ናት» ትላለች ትከሻዬን ይዛ። «ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ትዝ እንዳላት ሮጣ ባትናገር ኖሮ ዛሬ አልኖርም።» እንግዶቹ ይመርቁኛል። አንገቴን ስደፋ ትሕትና ይመስላቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ብዬ እንደተቀመጥኩ አባባ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እሱም ይዞት ሄደ። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። ያኔ ዝም ያልኩት ብናገር እናቴን የማጣት መስሎኝ ነው። ዛሬም የምፈራው ይህንኑ ነው።