የተሾመች ስፓኒሽ

ቴፒ ላይ «ጌታሁን» ቢሉ «የትኛው?» ይባላል፤ «ኩባው» ካሉ ግን ያገኙት ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ይወስድዎታል። አባቱ በሶማሌ ጦርነት የሞተ ወታደር ስለነበር ገና በልጅነቱ በመርከብ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው አድጎ፣ መካኒክነት ተምሮ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ተመለሰ። በሚሠራበት ቡና ማጠቢያ የመፈልፈያውን ሞተር አመል እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ስፓኒሹን ግን የሚያወራው ሰው አጣ። ብቻውን ሲሠራ ከሞተሩ ጋር ሲያወራው እንሰማው ነበር።

ተሾመች ወደ እሱ የመጣችው በ2008 ዓ.ም. ነው። እዚያው ቡና ማጠቢያው ውስጥ ለቃሚ ነበረች፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና የተበላሸውን ፍሬ እየለየች ታወጣለች። ሸኮ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ካደገች በኋላ ገበያ ላይ ነው።

«ጋሼ ጌታሁን፣ የኩባን ቋንቋ አስተምረኝ» አለችው።

«ለምንሽ?»

«ሰሎሜ ልትመጣ ነው። የወሰዷት ሰዎችም የሚናገሩት ያንኑ ነው አሉኝ።»

ሰሎሜ ልጇ ናት። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ አንድ ደላላ «ውጭ አገር ተምራ ትመለስልሻለች» ብሎ አዲስ አበባ ወስዶ ችሎት ፊት አቆማት። ዳኛው የጠየቁትን በሸኮኛ ያስተረጎመላት እሱ፣ መልሷን ወደ አማርኛ የመለሰውም እሱ። ሕፃኗ ስፔን ላሉ ሰዎች ለሁልጊዜው በጉዲፈቻ መሰጠቷን ተሾመች ያወቀችው በጣም ዘግይታ ነው።

«አስተርጓሚ ይዘው ይመጡ የለም እንዴ?» አላት ጌታሁን።

«በሰው አፍ ነው ያጣኋት። አሳልፌ እንዳልሰጠኋት በራሴ አፍ ልንገራት።»

ማንበብ ስለማትችል፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር እየጮኸ እንዳጠናው በቃል ያስጠናት ጀመር። እሷ ጣቶቿ ከቡናው ሳይነሱ ትደግምለታለች።

«ኤስፔሬ፣ ጠበቅሁ። ኤስፔራስቴ፣ ጠበቅሽ። ኤስፔሮ፣ ጠበቀ።»

«ማነው የጠበቀው?» አለች ቀና ብላ። «አባቷ እንደሆን አንድ ቀን አልጠበቃትም!»

አልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ከመካከላቸው ማናልሞሽ የምትባለው፣ «ኧረ ተይ አንቺ፣ ኩባው ራሱን ማለቱ ይሆናል!» አለች።

«ሥርዓቱ ነው» አለ ጌታሁን እሱም እየሳቀ። «የእኔም፣ የአንቺም፣ የእሱም አብሮ ነው የሚጠናው።»

«እኔ ያደረግሁትን ብቻ ስጠኝ። የሌላው ምን ይሠራልኛል?»

ትንሽ ተከራከራት፤ ከዚያ ተዋት። ዮሬ፣ አለቀስሁ። ፕሬጉንቴ፣ ጠየቅሁ። ኖ ቴ ኤንትሬጌ፣ አሳልፌ አልሰጠሁሽም። ተሾመች ቃላቱን ሴቶቹ ሲለቅሙ በሚያዜሙት ዜማ ውስጥ አስገባቻቸው። ብዙ ሳይቆይ ሌሎቹም ሴቶች ትርጉሙን ሳያውቁ ይቀበሏት ጀመር።

ሰሎሜ ክረምቱ ገባ ሲል እናቷ ቤት መጣች። ቁመቷ እናቷን አልፎ ነበር። ተሾመች አሳዳጊዋንና አስተርጓሚውን መኪናው ዘንድ እንዲቆዩላት ለመነች። ጌታሁንንም፣ «አንተም አጥሩ ጋ ሁንልኝ፤ ካልጠራሁህ አትግባ» አለችው።

ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ሰማት። ያጠናችውን አንዲት ቃል ሳታጎድል፣ በዚያው በለቀማው ዜማ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እያለቀሰች ትናገር ጀመር፤ ብዙ ተናገረች። ጌታሁን ጋ የሚደርሰው ድምፁ እንጂ ቃሉ አልነበረም። ተሾመች የልጇን እጅ ይዛ አንድም ነገር ሳይገባት አዳመጠች። ልጅቷ መልስ ይኖራታል ብለው አስተማሪውም ተማሪዋም አላሰቡም ነበር።

«ጋሼ ጌታሁን!» ብላ ተጣራች በመጨረሻ። «ኧረ ና! ምን እያለችኝ ነው?»

ሲገባ ልጅቷ ንግግሯን አቆመች።

«ለእናትሽ ያልሻትን ንገሪኝና ላስረዳት» አላት በስፓኒሽ።

ሰሎሜ እንባዋን ጠረገች። «ለእሷ ነግሬያታለሁ» አለችው። ደጋግሞ ለመናት፤ አልደገመችውም። ደመናው እየጠቆረ ነበርና ሹፌሩ መንገዱ ሳይጨቀይ እንሂድ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። እናቷን አቅፋ ሳመቻትና ወጣች።

«ምን አለችህ?» አለች ተሾመች፣ መኪናው ከሄደ በኋላ።

«ለእሷ ነግሬያታለሁ አለች።»

ተሾመች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «እውነቷን ነው» አለች። «ነግራኛለች።»

ጌታሁን ያን ቀን አጥሩን ተሻግሮ ጥቂት እርምጃ አለመጠጋቱ ይቆጨዋል። ከዚያ ይልቅ የሚቆጨው ግን በሳቅ መካከል «የአንቺ»ንና «የእሱ»ን ትቶ ትምህርቱን ማጉደሉ ነው። «መናገሩን ሰጠኋት፤ መስማቱን ነሳኋት» ይላል። ተሾመች አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። ሴቶቹ ቡናው አልጋ ዘንድ «ልጅሽ ምን አለችሽ?» ሲሏት «ብዙ ነገር» ትላለች። ጌታሁን በአቅራቢያው ካለ፣ መፍቻውን አስቀምጦ ከግቢው ይወጣል።