ላልተሰጠ ወንበር ምስጋና

መቼ እንደነበር ልኩን አላስታውስም፤ ክረምቱ አልፎ የአዳማ አቧራ የተመለሰበት ሰሞን ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደብዳቤ አመላላሽ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሰው ፊት ግን አነባለሁ።

የኮሙኒኬሽን ክፍሉና እርዳታ የሚያሰባስበው ክፍል በራቸው ፊት ለፊት ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይሰማል፤ "ይማርህ" ለማለት ግን ደብዳቤ ይጽፋሉ። እኔ ኮሪደሩን በአምስት እርምጃ ተሻግሬ በደብተር አስፈርማለሁ። አንዴማ "ፎቶ ስጡን" የሚል ደብዳቤ አድርሼ፣ "ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ" የሚል መልስ ይዤ ተመልሻለሁ።

አንድ ቀን እዚያው የተማረ የሻሸመኔ ነጋዴ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። የእርዳታ አሰባሳቢው ክፍል ደብዳቤ "ለቤተ መጻሕፍቱ ወንበር እንዲለግሱን" ይላል። የኮሙኒኬሽኑ ደግሞ "ስለለገሱን ወንበር እናመሰግናለን" ይላል። ቀኑም ማኅተሙም አንድ።

"አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ አባባ? ያልሰጠሁት ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ነው የሚያመሰግነኝ?" አለኝ። "እየቀለዱብኝ ከሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

ሁለቱ ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ "ገና ያልጸደቀውን ረቂቅ ያወጣው ተላላኪው ነው" አሉ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ጭንቀቴን የየደብዳቤውን ቀሪ ለምታስቀምጠው የመዝገብ ቤት ሴትዮ ነገርኳትና የራሴን ተንኮል ጀመርኩ።

የኮሙኒኬሽን ኃላፊዋን "ልጄ፣ የፊት ለፊትሽ ኃላፊ ይቅርታ ሊጠይቁሽ ክበብ ተቀምጠዋል" አልኳት። ወደ እርዳታው ኃላፊ ተሻግሬ፣ "ጌታዬ፣ ልጅቱ ይቅርታ ልትጠይቅዎ ክበብ እየጠበቀች ነው።" ነጋዴውን መሃላቸው አስቀመጥኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሻይ ቀረበ። ሁለቱም የሌላውን ይቅርታ ይጠብቃሉ።

"እሺ፣ ይቀጥሉ" አለች።

"አንቺ ቀጥይ እንጂ!"

"እኔ?!"

ነጋዴው ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "አባባ፣ ዋሽተውናል?"

"አዎ፤ በቃል ነው የዋሸሁት፣ ለደብዳቤ ጊዜ አልነበረም።"

ኃላፊው ሳቁን እየዋጠ "ቢሆንም ረቂቁን ማውጣትዎ..." ሲል፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቶቿን ታቅፋ ደረሰች። የሁለቱንም ደብዳቤ ቀሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ሁለታችሁም 'ይውጣ' ብላችሁ ፈርማችኋል። አባታችን ያደረሱት የራሳችሁን ፊርማ ነው።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብዳቤ ለሁለት ጻፉ። ነጋዴው ወንበሩን ላከ፤ የእኔም ኮንትራት ታደሰ። የእኔ ውሸት ቢያስቅ ነው፤ እንጀራዬን ያተረፈችልኝ ያቺ የመዝገብ ቤት ሴትዮ ናት።