አቻ ብዬ የጨበጥኩት እጅ

ለብዙ ዓመታት ሰው በተሰበሰበበት የማወራው አንድ ታሪክ ነበረኝ። ጉርድ ሾላ ያለው መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው የሠራተኞች የቼዝ ውድድር ላይ፣ ተሸንፈው ከማያውቁት የክፍል ኃላፊዬ ጋር አቻ ወጥቻለሁ። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ወረቀት ላስፈርም ቢሯቸው ስገባ ድምፄ ይጠፋብኝ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ ረጅም ጊዜ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆይተው ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ዝምታቸውን አክብሮት ነው ብዬ ወሰድኩት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስብሰባ ላይ እጄን እያወጣሁ መናገር ጀመርኩ።

ባለፈው ክረምት አያት ያለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ጣሪያው አፈሰሰና መጽሐፎቼንና ወረቀቶቼን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳደርቅ፣ ያ ጨዋታ የተመዘገበበት ወረቀት እጄ ገባ። ደስ አለኝ። እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ስልኬ ላይ ባለው የቼዝ ፕሮግራም አስገባኋት።

መጨረሻ ላይ እሳቸው የቀራቸው ንጉሥና ሩክ፣ ያቺ ግንብ የምትመስለው፣ ብቻ ነበር። እኔ ከንጉሤና ከሩኬ ሌላ አንድ ወታደር ነበረኝ። ወታደሬ ንግሥት ለመሆን አንድ ሳጥን ብቻ ቀርቶታል፤ ግን የገዛ ንጉሤ ፊቱ ተገትሮ መንገዱን ዘግቶበታል። ንጉሤ ወጣ ሲል በሩካቸው አነጣጥረው ቼክ ይሉታል፣ ቼክ ሲበዛበት ተመልሶ ይደበቃል። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስተኛውን ሳስብ «አቻ ይሁን?» አሉኝ። እፎይ ብዬ እጃቸውን ጨበጥኩ።

ፕሮግራሙ ሦስቱም ጊዜ ያለቀለት ድል ነበረሽ አለኝ። ሩኬን መጀመሪያ ወደ አራተኛው መስመር ማምጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ኋላ ንጉሤ ቼክ ሲበዛበት ሩኬ መሀል ገብቶ ይከልለው ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስኮራበት የኖርኩት ነገር ለካ ትልቁ ስህተቴ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩላቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከቀበና በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው የሚኖሩት። ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሰሌዳውንም አውጥተውታል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጋሼ፣ ይሄን ጨዋታ እኮ አሸንፌዎት ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«አሁን አይተው ነው?»

«ያኔም አውቅ ነበር። ለምን አቻ የጠየቅኩሽ ይመስልሻል?»

ከእኚህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጠብቄ አላውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በየተራሽ ሩክሽን ታነሺያለሽ ብዬ ስጠብቅ መሸነፌን አምኜ ተቀምጬ ነበር። እሺ ስትዪኝ ጊዜ ክው አልኩ። ዝም ብዬ የወጣሁትም ለዚያ ነው። ምን ብዬ ልናገር?»

«እኔ አክብረውኝ መስሎኝ ነበር።»

«አፍሬ ነው» አሉ። «አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ደፋር ሆንሽ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ቦታውን እንዳለ ደረደሩትና «በይ አሸንፊኝ» አሉኝ። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሩኬን አራተኛው መስመር ላይ አመጣሁ፣ ንጉሣቸውን በቼክ ገፋሁ፣ ንጉሤን አወጣሁ። ቼክ አሉኝ፤ ሸሸሁ። ደግመው ቼክ ሲሉኝ ሩኬን መሀል አስገባሁት። ንጉሤ ግን ሩኬን ለመጠበቅ ገና አልቀረበም ነበር። በሩካቸው ሩኬን በሉት።

መልሱን እያወቅኩ፣ ሰዓት የሚቆጥርብኝ ሳይኖር፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሜ አበላሸሁት። ከስልኩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

«አንድ እርምጃ ቸኮልሽ» አሉና መልሰው ደረደሩት።

በአራተኛው ሙከራ ንጉሤን ረድፍ በረድፍ ይዤ ወረድኩና ሊጠብቀው የሚችልበት ቦታ ሲደርስ ሩኬን መሀል አስገባሁ። የቀራቸው ቼክ አልነበረም። መሸነፋቸውን አምነው ንጉሣቸውን በጣታቸው ጣል አድርገው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስታ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

እስከ በሩ ሸኙኝ። «ለሰው እንዳታወሪው አልልሽም» አሉኝ። ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቀበና ቁልቁል ወረድኩ። ሰኞ ቢሮ ምሳ ላይ አንዱ ያንን ጨዋታ ለአዲሷ ባልደረባችን እንዳወራላት ሲጠይቀኝ፣ ማሸነፍ ስችል ተሳስቼ ነው አቻ የወጣሁት አልኩና ወጤን መብላት ቀጠልኩ።