የማኒፎልዱ ጥፋት የማን ነው?

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሞተር ሲንኳኳ ገና ከበር ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። አልዋሹም፤ እውነትም ይሰማል። የገዛ አፉ የሚያወራውን ግን መስማት አቅቶት ሦስት ወር ኖረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት አዋላጅ መኪና ውሃ ታፈሳለች ተብላ ስትመጣ ማኒፎልዱ መፈታት ነበረበት፤ አየርን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ጉሮሮ ቧንቧ ማለት ነው። ጆሮ ፈታው፣ አጠበው፣ ቡሎን እንዳይገባበት ጉሮሮዎቹን በጨርቅ ወተፈ። ሲጨርስ ጨርቆቹን ነቃቅሎ ማኒፎልዱን ለጋሽ ፒንሳ አቀበላቸው፤ መልሰው ያሰሩት እሳቸው ናቸው። መፍቻ አያያዝ እንኳ ያስተማሩት እኚሁ አዛውንት ናቸው።

በአሥረኛው ቀን የሞተር መብራት በራ። ኮምፒውተሩ ሲሰካ ኮድ አወጣ፦ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለችው የአየር ክዳን እስከ መጨረሻው አትሄድም። የጋራዡ ባለቤት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ማን ነው ያሰረው?» አለ። ጆሮ አንዲት ቡሎን ሳይፈታ፣ «ጋሼ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አጣመው ገጥመውት ይሆናል» አለ። «ይሆናል» አልኩ እንጂ «ነው» አላልኩም እያለ ራሱን ሲያጽናና ከረመ። ምን ዓይነት መጽናኛ ነው? ስንቱ ሰው ነው ከእንጀራው በ«ይሆናል» የተነቀለው! ሽማግሌው ቱታቸውን አጣጥፈው «ዕረፍት» ተብለው ቤታቸው ገቡ። ጆሮ ኮዱን ሰርዞ መኪናዋን ሸኘ። መብራቱ ተመልሶ በራ። ደግሞ ሰረዘው።

በሦስተኛው ጊዜ አዋላጇ የመኪናዋን ቁልፍ ከመስጠቷ በፊት ጣቷን ቀሰረችበት።

«ዛሬ መብራቱን እንዳታጠፋልኝ። ማጥፋቱንማ እኔም በፕላስተር እሸፍነው ነበር። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ምጥ ደግሞ ቆይ አይባልም።»

«እሺ እህቴ፣ እከፍተዋለሁ።»

ከፈተው። ክዳኗን የምታዞረውን ሞተር ለብቻዋ አሠራት፤ ደህና ናት። ሽቦውን ለካ፤ ደህና ነው። ክዳኗን በጣቱ ሲገፋት ግን ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። በባትሪ አብርቶ ቢያይ ሁለተኛው ጉሮሮ ውስጥ በዘይት የጠቆረ ነገር ተጠምጥሞባታል። በጉጠት ሳበው። ጨርቅ ነው። ጫፉን በቤንዚን ሲያሸው ሰማያዊ አበባ ብቅ አለ፤ አጠገቡም ነጭ የቀሚስ ቁልፍ።

ሌላው ሠራተኛ የሚጠቀመው ጋራዡ የሚያድለውን ቡትቶ ነው። አሮጌ ቀሚሷን ቆራርጣ የምታሲዝ ሚስት ያለችው እሱ ብቻ ነው። «ባለ አበባው» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል።

ፊቱ እሳት ሆነ። ግራ ቀኙን አይቶ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«ምን አገኘህ?» አለ ባለቤቱ ከቢሮው መስኮት።

«ቆሻሻ ነው።»

አልዋሸም ይባልለት? ጨርቁ በእርግጥም ቆሽሿል። ከውሸት የባሰው እንዲህ ያለው እውነት ነው፤ ውሸታምን እንኳ አንድ ቀን ሰው ይይዘዋል።

ገጠመው፣ ኮዱን ሰረዘ፣ ዳገቱን ሁለቴ ወጣ። መኪናዋ እንደ ጉድ ትስባለች፤ መብራቱ ድርሽ አላለም። አዋላጇ ደስ አላት።

«ያ ሽማግሌ እኮ መንገድ ላይ ሊያስቀረኝ ነበር። እንኳን አሰናበታችሁት። አንተስ እጅህ ይባረክ።»

«አሜን» አለ ጆሮ።

አሜን! በሰው ስም ማጥፋት ላይ አሜን ይባላል? ቃሉ ከአፉ ሲወጣ በዚያ በሚመኩበት ጆሮው ሰማው። ከዚያ በኋላ ሥራ አልያዝ አለው። እንደወጣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ፒንሳ ቤት ነጎደ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ የጎረቤት ካውያ ፈታትተው ተቀምጠዋል። ጆሮ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አኖረው። በአውራ ጣታቸው አበባውን ዳበሱት።

«የክዳኗ ዘንግ አልተጣመመም?»

«አልተጣመመም፣ ጋሼ።»

«ደግ።» ካውያውን ገፋ አደረጉት። «ሦስት ወር ሙሉ እጄን ሳየው ከረምኩ። ቁጭ ባልኩ ቁጥር እነዚያን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠብቃለሁ፤ የቱን ነው የሳትኩት እያልኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እዚህ ማን ይሰማሃል? እዚያ ስትናገር ሰው ሞልቶ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ቱታ ሲለብሱ ጨርቁን አንጠልጥሎ መሃላቸው ቆመ።

«የአዋላጇ መኪና ውስጥ ያገኘሁት ይሄን ነው። የኔ ነው። ጋሼ ምንም አላጠፉም።»

ቀለም ቀቢው በሳቅ ፈረሰ። «ባለ አበባው! ሚስትህን ማኒፎልድ ውስጥ ደበቅካት?»

ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ስለዚህ እንደገና መናገር ነበረበት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደው። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ዓይኑን የሚያየው ሰው አልነበረም።

«ራስህ ሄደህ ታመጣቸዋለህ» አለ ባለቤቱ። «እምቢ ቢሉ መብታቸው ነው፤ አንተ ግን በየቀኑ ትለምናለህ። አሁን ለሴትዮዋ ደውል። እዚሁ፣ እየሰማን።»

ደወለ። አዋላጇ ወዲያው አነሳች።

«ምነው ወንድሜ፣ በደህና? መኪናዋ እኮ ሰላም ናት።»

«መኪናዋስ ሰላም ናት፣ እህቴ» አለ። «የደወልኩት ስለ ሽማግሌው ነው።»